በመርከቡ ኋላ፦ የባሕር ወፎች በዓሣ መንጠቆ ለምን ያልቃሉ?

በደቡብ ንፍቀ ክበብ ውቅያኖሶች ላይ ቱና የሚያሰግር መርከብ ገመዱን ወደ ባሕር መልቀቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። መርከቡ ወደፊት ሲጓዝ ዋናው ገመድ ከኋላው እየተተረተረ ይወርዳል፤ ሠራተኞቹ በየተወሰነ ርቀት ቀጫጭን ቅርንጫፍ ገመዶችን ያያይዙበታል፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ወይም ትንሽ ዓሣ የተሰካበት መንጠቆ አለ። ከአምስትና ከስድስት ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ማለትም ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርስ ገመድ፣ 3,000 ያህል መንጠቆዎችን ተሸክሞና በተንሳፋፊዎች ተይዞ በውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ይህ አሠራር የረጅም ገመድ ዓሣ ማስገር ይባላል። እንደ ጎታች መረብ የባሕሩን ወለል የማያርስ፣ ትልልቅና ዋጋቸው ከፍ ያለ ዓሦችን ለይቶ የሚይዝ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ በአንጻራዊነት መልካም ስም ነበረው።

ችግሩ የሚፈጠረው እጅግ ጠባብ በሆነች የጊዜና የቦታ ክፍተት ውስጥ ነው። መንጠቆው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ዓሣው ወዳለበት ጥልቀት እስኪወርድ ድረስ ባሉት ሰከንዶች፣ ማባበያው ከመርከቡ ኋላ በውኃው ገጽ ላይ ወይም ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጎተታል። ከላይ የሚያንዣብበው የባሕር ወፍ የሚታየው ምግቡ ብቻ ነው። ወርዶ ሲውጠው ወይም በመንቁሩ ሲነጥቀው መንጠቆው ይይዘዋል፤ እየሰመጠ ያለው ገመድ ወደ ታች ይስበዋል፤ ወፉም ውኃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ሠራተኞቹ የሚያገኙት ከብዙ ሰዓታት በኋላ ገመዱን ሲስቡ፣ ቱና ይዞልናል ብለው ከጠበቁት መንጠቆ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚወጣው ሕግ፣ የሚሠራው መሣሪያና የሚነሣው ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚያች ክፍተት ላይ ነው፤ እንዴት ትጠር፣ እንዴት ትሸፈን፣ ወይም ወፎቹ በማይመገቡበት ሰዓት እንዴት ትሁን የሚል ነው።

በዚህ መንገድ በየዓመቱ ስንት ወፍ እንደሚሞት በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ግምገማ ሲያሰላ ቢያንስ 160,000፣ ምናልባትም ከ320,000 በላይ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አብዛኞቹ መርከቦች ላይ የሞተውን የሚቆጥር ገለልተኛ ሰው የለምና። ከሟቾቹ ውስጥ ዋነኞቹ አልባትሮሶችና ፔትረል የሚባሉት የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው።

አልባትሮስን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚያየው ሰው የለም፤ አበራረሩን ለመገመት ግን ጥንብ አንሳን ማሰብ ይጠቅማል። ጥንብ አንሳ ከገደል ሥር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ ሰፊ አገር እንደሚቃኝ ሁሉ፣ አልባትሮስም ከማዕበሉ በላይ ባለው ነፋስ እየተጠቀመ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እምብዛም ሳይደክም ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ተጓዡ አልባትሮስ የሚባለው ዝርያ ሁለቱ ክንፎቹ ሲዘረጉ እስከ 3.5 ሜትር ይደርሳሉ፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ወፎች መካከል በዚህ የሚስተካከለው የለም። ራሰ ግራጫው አልባትሮስ ደግሞ ምድርን በ46 ቀናት ውስጥ ዙሮ መመለሱ እግሩ ላይ በታሰረ አነስተኛ መሣሪያ ተረጋግጧል። ከጥንብ አንሳ የሚለየው በአፍንጫው ነው። የእኛ ጥንብ አንሳ ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሲሆን፣ አልባትሮስና ፔትረል ግን በማሽተትም ይመራሉ፤ ከሩቅ የመጣን የዓሣ ሽታ ተከትለው ምንጩ ጋ ይደርሳሉ። ሁለቱም የሞተ ነገር መብላት ስለማይጠየፉ፣ ከመርከብ የሚጣለው የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት ድግስ ሆኖላቸዋል፤ መርከብ መከተልንም ከተማሩ ብዙ ዘመን አልፏል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ዶሮ በየቀኑ ይታረዳል፤ ስንት ትንንሽ ወፍ በድመት ይበላል፤ ታዲያ ጥቂት መቶ ሺህ የባሕር ወፍ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በአልባትሮስ የአኗኗር ስሌት ውስጥ ነው። ተጓዡ አልባትሮስ መራባት የሚጀምረው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላም ጥንዶቹ የሚያፈሩት በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉን እናትና አባት ተራ በተራ ለ11 ሳምንታት ያህል ይታቀፉታል፤ ጫጩቱም ጎጆውን ለቅቆ የሚበረው ከተፈለፈለ ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ነው። ይህን የመሰለ ዝግታ የሚያዋጣው ወላጆቹ ብዙ ዓመት የሚኖሩ ከሆነ ብቻ ነው፤ በተፈጥሮም ይኖራሉ። በሰሜን ፓሲፊክ በምትገኘው ሚድዌይ ደሴት በ1956 እ.ኤ.አ. እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት፣ ዊዝደም የተባለች ላይሳን አልባትሮስ ዕድሜዋ 70 ዓመት ካለፈ በኋላም እንቁላል ጥላለች።

እስቲ ቀለል ባለ ምሳሌ እናስላው። በአንድ ደሴት ካሉት ለአካለ መጠን የደረሱ 100 አልባትሮሶች መካከል በየዓመቱ 95ቱ በሕይወት የሚቆዩ ቢሆን፣ አንዷ እናት ከዚያ በኋላ በአማካይ 20 ዓመት ትኖራለች፤ በሁለት ዓመት አንድ እያለችም 10 እንቁላል ትጥላለች። በየዓመቱ የሚሞቱት በአምስት ብቻ ጨምረው በሕይወት የሚቆዩት 90 ቢሆኑስ? አማካይ ዕድሜዋ ወደ 10 ዓመት፣ እንቁላሏም ወደ አምስት ይወርዳል። ከአምስቱ ደግሞ የማይፈለፈል አለ፤ ጎጆ ውስጥ የሚሞት አለ፤ አሥር ዓመቱን ሳይደፍን ባሕር ላይ የሚቀርም ብዙ ነው። ከመቶ አምስት የሚሆን ተጨማሪ ሞት፣ በዓይን እንኳን የማይታይ ለውጥ፣ አንድን የአልባትሮስ ማኅበር ራሱን መተካት ከሚችልበት ደረጃ ወደማይችልበት ይጥለዋል ማለት ነው። ዶሮ በዓመት የምትጥለውን የእንቁላል ብዛት ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ዛሬ በተለምዶ ከሚቆጠሩት 22 የአልባትሮስ ዝርያዎች 15ቱ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው ተብለው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ መግባታቸው ከዚህ የመነጨ ነው፤ ምንም እንኳ መንጠቆ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም። በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው ጎህ በምትባል ደሴት ላይ ለምሳሌ ሰው ሳያውቅ ያስገባቸው አይጦች የአልባትሮስ ጫጩቶችን ከነሕይወታቸው ይበላሉ።

ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየበት ምክንያትም በቁጥር የሚገለጥ ነው። ናይጄል ብራዘርስ የተባለ የታዝማኒያ ተመራማሪ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አቅራቢያ በጃፓን የቱና መርከቦች ላይ ተሳፍሮ የሚያዙትን ወፎች ቆጠረ። ያገኘው መጠን ከ1,000 መንጠቆ 0.41 ወፍ ነበር፤ በሌላ አነጋገር 2,400 ያህል መንጠቆ ተጥሎ አንድ ወፍ ይሞታል። በቀን 3,000 መንጠቆ የሚጥል መርከብ ላይ ያለ ሠራተኛ እንግዲህ የሚያየው በቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት፣ አንዳንድ ቀን ምንም ነው። እርሱ በሚያየው ልክ ይህ ችግር ሊባል አይችልም፤ ብርቅ የሆነ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የጃፓን መርከቦች በደቡባዊው ውቅያኖስ በዓመት ከ107 ሚሊዮን በላይ መንጠቆ ይጥሉ ነበር። ብራዘርስ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ በ1991 ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ዓይነት አሠራር በዓመት 44,000 ያህል አልባትሮሶች እንደሚሞቱ ገመተ። በደሴቶቹ ላይ ጎጆ ሲቆጥሩ የነበሩ ሳይንቲስቶች ወፎቻቸው ለምን ከዓመት ዓመት እየቀነሱ እንደሚሄዱ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ይህ ስሌት ዋነኛውን መልስ ሰጣቸው። በእኔ እይታ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ማንም ጨካኝ ሳይሆን፣ ማንም ሕግ ጥሼአለሁ ሳይል፣ እያንዳንዱ መርከብ የማይሰማው ትንሽ ጉዳት ሲደመር አንድን ፍጥረት ከምድር የሚያጠፋ ይሆናል።

ሞቱ በሁሉም ላይ እኩል አለመውደቁ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። የተጓዥ አልባትሮስ ሴቶች ምግብ ፍለጋ ከወንዶቹ ይልቅ ወደ ሰሜን፣ ሞቅ ወዳለው ውኃ ይወጣሉ፤ የቱና መርከቦች የሚበዙትም እዚያው ነው። ስለዚህ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይሞታሉ፤ በመራቢያ ደሴቶቹም ላይ ጥንድ የማያገኙ ወንዶች ይበዛሉ። አልባትሮስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጥንድ ጋር ዕድሜውን የሚገፋ ወፍ በመሆኑ፣ አንዱ ሲሞት የተረፈው አዲስ ጥንድ አግኝቶ እንደገና እስኪራባ ዓመታት ያልፋሉ። እንቁላል ወይም ጫጩት በነበረበት ወቅት ከሆነ ሞቱ፣ ብቻውን የቀረው ወላጅ መታቀፍንና መመገብን አንድ ላይ ስለማይችል ልጁም አብሮ ይጠፋል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ አሥጋሪው ወፉን እንደማይፈልገው መዘንጋት የለበትም። ወፍ የያዘ መንጠቆ ቱና አይዝም፤ የተነጠቀ ማባበያም ኪሳራ ነው። ይህን ከማንም ቀድመው የተረዱት ራሳቸው የጃፓን አሥጋሪዎች ነበሩ፤ ማባበያቸውን ለማትረፍ ሲሉም «ቶሪ» የተባለውን ገመድ ፈለሰፉ። ቶሪ በጃፓንኛ ወፍ ማለት ነው። አሠራሩ ማሽላውን ከግሪሳ ለመጠበቅ ማሳው ላይ ማስፈራሪያ የሚሰቅል ገበሬ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። ከመርከቡ ኋላ ረጅም ምሰሶ ይተከላል፤ ከምሰሶው ጫፍ ገመድ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ከገመዱ ላይ ደማቅ ቀለም ያላቸው ጥብጣቦች እስከ ውኃው ገጽ ድረስ ይንጠለጠላሉ። መንጠቆዎቹ ገና ያልሰመጡበት ስፍራ በእነዚህ በሚርገበገቡ ጥብጣቦች ስለሚታጠር ወፉ ደፍሮ አይገባበትም። ዋጋው ለአንድ ትልቅ መርከብ ከምንም የማይቆጠር ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ቅርንጫፍ ገመዱ ላይ፣ ለመንጠቆው ቅርብ በሆነ ቦታ ክብደት ማሰር ነው። ክብደቱ በጨመረና ወደ መንጠቆው በቀረበ መጠን ማባበያው ቶሎ ከወፉ መድረሻ በታች ይወርዳል። ይህ ግን ያለ ተቃውሞ አልተተገበረም፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። ትልቅ ዓሣ ይዞ የተወጠረ ገመድ በድንገት ሲበጠስ ወይም መንጠቆው ሲወልቅ፣ ከእርሳስ የተሠራው ክብደት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ መርከቡ ተመልሶ ሠራተኞችን ሲያቆስልና ሲገድል ቆይቷል። ስለ ወፍ ጥበቃ የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። ውጥረቱ ሲላቀቅ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት አዲስ ዓይነት እርሳስ የተሠራው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ዘዴ መሣሪያ እንኳን አይጠይቅም፤ ገመዱን በሌሊት መጣል ነው። አልባትሮስ በአብዛኛው በቀን የሚመገብ በመሆኑ ጨለማ ይጠብቀዋል፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ግን ጥበቃው ይሳሳል።

ሦስቱም ዘዴዎች በየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳውን በደንብ የሚያሳየውም ነጭ አገጭ ያለው ፔትረል ነው። ይህ ወፍ በሌሊትም ይመገባል፤ ከአሥር ሜትር በላይ ጠልቆ መግባትም ይችላል። እርሱ ከጥልቀት አንሥቶ ያወጣውን ማባበያ ደግሞ ጠልቆ መግባት የማይሆንለት ግዙፍ አልባትሮስ ገጹ ላይ ጠብቆ ይነጥቀዋል፤ መንጠቆውም የሚይዘው ቀማኛውን ይሆናል። አልባትሮሶችንና ፔትረሎችን ለመጠበቅ የተደረገውና በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሦስቱም ዘዴዎች በአንድ ላይ እንዲተገበሩ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ አማራጭ የሚቀርበውም የመንጠቆውን ሹል ጫፍ ሸፍኖ የሚይዝና በተወሰነ ጥልቀት የውኃው ግፊት ሲከፍተው ብቻ የሚለቅ ትንሽ ሽፋን ነው።

እነዚህ ዘዴዎች እንደሚሠሩ የሚጠራጠር ካለ ደቡብ ጆርጂያን ይመልከት። በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው በዚህች ደሴት ዙሪያ የፓታጎኒያ ቱዝፊሽ የሚባለውን ውድ ዓሣ ሲያሰግሩ የነበሩ መርከቦች በ1997 እ.ኤ.አ. በአንድ ወቅት ብቻ ከ5,000 በላይ ወፎችን ገድለዋል። የአንታርክቲካን የባሕር ሀብት የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ጠበቅ ያለ ደንብ አስከበረ። ወፎቹ ጫጩት በሚመግቡበት በበጋ ማስገር ተከለከለ፤ ገመድ በሌሊት ብቻ እንዲጣል፣ ክብደትና ጥብጣብ እንዲኖረው፣ ገመድ ሲጣልም የዓሣ ትርፍራፊ ወደ ባሕር እንዳይደፋ ተወሰነ፤ በየመርከቡም ታዛቢ ተመደበ። ደንቡን የጣሰ ፈቃዱን ያጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ በታች ወረደ፤ ማስገሩም አልቆመም።

በአህጉራችንም ናሚቢያ የምትጠቀስ ናት። በባሕር ዳርቻዋ ሄክ የተባለውን ዓሣ የሚያሰግሩት የረጅም ገመድ መርከቦች በ2009 እ.ኤ.አ. 22,000 ያህል ወፎችን እንደገደሉ ተገምቶ ነበር፤ ይህም በዓለም ላይ ከከፉት አንዱ ያደርገው ነበር። የአልባትሮስ ግብረ ኃይል የተባለው ቡድን ባለሙያዎች ከአሥጋሪዎች ጋር እየተሳፈሩ ዘዴውን ካሳዩ በኋላ፣ መንግሥት በ2015 ወፍ ማባረሪያ ገመድን አስገዳጅ አደረገ። በ2018 ግምቱ ወደ 215 ወረደ፤ 99 በመቶ ያህል ቅናሽ ማለት ነው። ገመዶቹን ከሚሠሩት መካከል ሜሜ ኢቱምባፖ የተባለ በዋልቪስ ቤይ የሚገኝ የሴቶች ማኅበር ይገኝበታል፤ ለአባላቱም የገቢ ምንጭ ሆኗል።

ታዲያ ችግሩ ለምን አላለቀም? ደቡብ ጆርጂያም ናሚቢያም ባለቤት ያለው ውኃ ናቸው፤ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነፍግ አካል አላቸው። አልባትሮስ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው የማንም አገር ባልሆነው ዓለም አቀፍ ባሕር ላይ ነው። እዚያ የቱና አሠጋገርን የሚመሩት አባል አገሮች በስምምነት የሚወስኑባቸው ኮሚሽኖች ናቸው። የአትላንቲኩ በ2011፣ የህንድ ውቅያኖሱ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች የሚያሰግሩ የረጅም ገመድ መርከቦች ከሦስቱ ዘዴዎች ሁለቱን እንዲጠቀሙ ወስነዋል። ሦስቱንም ማለት ያልተቻለው ሁሉም አባል ሊስማማበት የሚችለው ያ በመሆኑ ነው። ውሳኔው ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በሌሊት፣ ከመሬትና ከማንም ዓይን በራቀ ስፍራ፣ ጥብጣቡ በእርግጥ ተሰቅሎ እንደሆነ የሚያረጋግጠው ማን ነው?

በነገራችን ላይ፣ ይህን ያነበበ ሰው ሱቅ ያየውን የቱና ጣሳ በጥርጣሬ ሊመለከተው ይችላል። በጣሳ የሚታሸገው ቱና አብዛኛው ስኪፕጃክ የሚባለው ትንሹ ዝርያ ሲሆን፣ የሚያዘውም በዋናነት በከበባ መረብ ነው፤ እርሱም የራሱ ችግሮች ቢኖሩትም የአልባትሮስ ችግር ግን አይደለም። በረጅም ገመድ የሚያዘው በአብዛኛው ሳሺሚ ለተባለው የጃፓን ጥሬ ዓሣ ምግብ የሚቀርበው ውድ ቱናና ነጭ ቱና ተብሎ የሚታሸገው አልባኮር ነው።

ወደ ቁጥጥሩ እንመለስ። በአብዛኞቹ የቱና ኮሚሽኖች ዘንድ በረጅም ገመድ መርከቦች ላይ እንዲኖር ለዓመታት ሲጠየቅ የቆየው ዝቅተኛ የታዛቢ ሽፋን ከጠቅላላው ሥራ 5 በመቶ ነው፤ ከ20 የሥራ ቀናት 19ኙ ያለ ገለልተኛ ዓይን ያልፋሉ ማለት ነው። መርከቦች ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቅ መሣሪያ ይዘው ቢሄዱም ማጥፋት ይቻላል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህን የለኩት በራሱ በአልባትሮስ ነው። በደቡባዊው ህንድ ውቅያኖስ በ169 ወፎች ጀርባ ላይ የመርከብ ራዳር የሚያስተውል ቀላል መሣሪያ አሰሩ፤ ወፎቹም እንደ ልማዳቸው መርከብ ፍለጋ ሄዱ። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት፣ ወፎቹ ካገኟቸው መርከቦች 28 በመቶ የሚሆኑት ቦታቸውን አያሳውቁም ነበር።

ታዛቢ በተሳፈረበት መርከብ ላይም ቆጠራው ሙሉ አይደለም። ወፉ የሚያዘው ገመዱ ሲጣል ሲሆን የሚቆጠረው ግን ገመዱ ሲሳብ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ሬሳው ከመንጠቆው ሊወልቅ ወይም በሻርክ ሊበላ ይችላል። ብራዘርስና ባልደረቦቹ ለ15 ዓመታት በተሰበሰበ ምልከታ ላይ ተመሥርተው በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ገመዱ ሲጣል ሲያዙ በዓይን ከታዩት ወፎች ሲሳብ የተገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። አሁን ታዛቢን ለመተካት ወይም ለማገዝ በመርከቦች ላይ እየተተከሉ ያሉት ካሜራዎች ዓሣው ወደሚወጣበት ጎን ብቻ ከተነጣጠሩ፣ የጎደለውን ግማሽ እነርሱም አያዩትም። ቢያንስ አንዱ ካሜራ ወደ መርከቡ ኋላ፣ ጥብጣቡ ወደሚሰቀልበትና መንጠቆው ከእጅ ወደሚወጣበት ስፍራ መዞር ይኖርበታል።